በኳዱ ዘይት ውስጥ የሚያብረቀርቀው ብናኝ ከየት ይመጣል?

ጥያቄው የመጣው ከሻርጃ በረሃ፣ ከአልባዳየር አካባቢ ነው። ጠያቂው ለጎብኚዎች ኳድ፣ ማለት ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ በሚያከራይ ቦታ ማሽኖቹን የሚጠግን ልጅ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሆንዳ 250 እና ያማሃ ራፕተር 700 ኳዶች አሉን። አለቃችን ለፒክአፖቹ በበርሜል 5ደብሊው-30 ሲንተቲክ ዘይት ገዝቶ ለኳዶቹም ያንኑ ጨምሩ አለን። ማግኔት ያለው የማፍሰሻ ብሎን ገጥመንላቸው ነበር። ሰሞኑን ዘይት ስንቀይር ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ ተለጥፎ አገኘሁ። ዘይቱም ፀሐይ ላይ ሲያዩት ብር ብር ይላል። አንዳንዶቹ ደግሞ የአሸዋ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይጎትቱም። ሞተሮቹ አለቁ ማለት ነው? ወፍራሙን 20ደብሊው-50 ባደርግላቸውስ?»

ወንድሜ፣ አለቁ ለማለት ገና ነው። የጻፍክልኝ ግን ሁለት የተለያየ ችግር ነው። አለመጎተቱ ከዘይቱ ዓይነት የመጣ ይመስለኛል። ብናኙ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በረሃ ላይ የሚሠራ ኳድ ብረት ሲያሳይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አየር ማጽጃውን ነው፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ብናኝ ሲያይ ሮጦ የዘይት ቁጥር ይቀይራል። አሸዋው ግን ቁጥር አያውቅም፤ መግባቱን ይቀጥላል።

አለመጎተቱን አስቀድመን እንጨርሰው። ፒክአፑ ውስጥ የሞተር ዘይት የሚያገለግለው ሞተሩን ብቻ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። ያንተ ሆንዳና ራፕተር ላይ ግን አንዱ ዘይት ሦስት ሥራ ይሠራል። ፒስተንና ባልቦላውን ያለሰልሳል፣ የካምቢዮውን ማርሾች ይቀባል፣ የፍሪሲዮኑ ዲስኮችም እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። አሁን የመኪና 5ደብሊው-30 ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ይጨመርበታል። ለመኪናው ጥሩ ነው። ፍሪሲዮን ግን ያለ ሰበቃ ሥራ የለውም። ዲስኮቹ ሲያንሸራትቱ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። ዳገት ላይ ያየኸው ይኼን ሳይሆን አይቀርም።

ጣሳውን አዙረህ ጀርባውን እይ። የመኪና ዘይት ላይ ክብ ምልክት ታገኛለህ፤ መሀሉ ላይ የዘይቱ ቁጥር ይጻፋል። የክቡ የታችኛው ግማሽ ስለ ቁጠባ የሚናገር ጽሑፍ ካለው ያ ዘይት ለእነዚህ ኳዶች አይሆንም። የምትፈልገው ጃሶ የሚባለው የጃፓን ደረጃ ነው። ቲ 903 የተባለው መለኪያ ከ1998 ጀምሮ ለባለ አራት ምት ሞተርሳይክሎች የወጣ ነው። ኤምኤ፣ ኤምኤ1፣ ኤምኤ2 እና ኤምቢ የሚሉ ምድቦች አሉት። ኤምኤ የሚሉት በሙሉ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ አጥብቆ የሚያስይዘው ኤምኤ2 ነው። ኤምቢ ደግሞ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ለማይነካው ስኩተሮች ነው። የፊት ለፊቱን የሞተር ሥዕል አትመን። ሥዕል ማንም ይለጥፋል። ከኋላ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን ፈልግ።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለ። አዲሶቹ የመኪና ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን እንዳይጎዱ ፎስፈረሳቸው ይገደባል። የኋለኛ ቁጥራቸው 30 እና ከዚያ በታች በሆነው ላይ ጣሪያው 0.08 በመቶ ነው። ጃሶ ደግሞ ቢያንስ 0.08፣ ቢበዛ 0.12 በመቶ ይጠይቃል። ለአንዱ ጣሪያ የሆነው ለሌላው ወለል ነው። ፎስፈረሱ የሚገኝበት የዚንክ ቅመም ብረት ከብረት በሚፋጭበት ቦታ፣ ለምሳሌ ካምሻፍትና ማርሽ ላይ፣ ስስ መከላከያ ይሠራል። ስለዚህ የበርሜሉ ዘይት በፍሪሲዮኑ ብቻ ሳይሆን በማርሾቹም በኩል ያንሳል።

በነገራችን ላይ፣ ጎረቤት ያለው ልጅ «እኔ ፖላሪስ ላይ ሌላ ዘይት አድርጌ ምንም አልሆነም» ቢልህ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ፖላሪስና ካን-አም በቺንጋ ነው የሚነዱት። ቺንጋውና መያዣው ደረቅ ናቸው፣ የሞተሩ ዘይት አይነካቸውም። የያማሃው ግሪዝሊ ደግሞ ቺንጋም አለው፣ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮንም አለው። ስለዚህ «ኳድ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርህም። ማንዋሉ ነው የሚነግርህ።

የሚያንሸራትቱትን እንዲህ አድርግ። ዘይቱን ሞተሩ ሞቅ እያለ አፍስስ፣ ፊልትሮውን ቀይር፣ ኤምኤ2 ጨምር። ቀለል ባለ ሥራ አንድ ቀን ንዳውና እንደገና ቀይረው። አሮጌው ዘይት በየጥጉና በዲስኮቹ ላይ ስለሚቀር አንድ ጊዜ መቀየር አይበቃም። ከዚያም ካልያዘ ራፕተሩ ላይ የፍሪሲዮን ገመዱን ልቅነት እይ። ሆንዳው የእጅ ፍሪሲዮን የለውም፣ ግን ከጎኑ የፍሪሲዮን ማስተካከያ ብሎን አለው፤ በማንዋሉ መሠረት አስተካክለው። ይኼም ካልሠራ ዲስኮቹ ተቃጥለው መስታወት መስለዋል ማለት ነው፤ እነሱን መቀየር ነው። ውድ ሥራ አይደለም፣ ሞተር ከማውረድ ጋር አይነጻጸርም።

አሁን ወደ ብናኙ እንምጣ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ማግኔት የሚይዘው ብረትና ስቲል ብቻ ነው። ይኼን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማግኔቱ ላይ ያየኸው ግራጫ ጭቃ ከማርሾች፣ ከፒስተን ሪንግ፣ ከሲሊንደር ግድግዳ፣ ከካምሻፍት የተፋቀ ደቃቅ ብረት ነው። በጣትህ ስታሸው እንደ ቅባት ልስልስ ካለ፣ ምንም ሻካራ ነገር ካልተሰማህ፣ መጠኑም ስስ ከሆነ እሱ የማንኛውም ካምቢዮ የዕለት ተዕለት ድካም ነው። አዲስ ኳድ ወይም ሞተሩ ተፈትቶ የተሠራ ኳድ የመጀመሪያው የዘይት ቅያሬ ላይ ከዚህም የባሰ ያሳያል። አትደንግጥ። የሚያስደነግጠው ወደ ጣትህ የሚወጋ ነገር ነው። ስለታም ቁራጭ፣ እንደ ጥፍር ስብራት ያለ ቅርፊት፣ ወይም በቀጭን መርፌ መልክ የሚታይ ብረት ካገኘህ የማርሽ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መበላት ጀምሯል። እንዲህ ያለውን ኳድ ቁልፉን ኪስህ ክተተውና ሞተሩ ይከፈት። አንድ ጎብኚ ካሳፈርክበት ሌላውም ማርሽ ይከተላል።

«ብር ብር ይላል» ያልከው ደግሞ ማግኔት የማይይዘው ሊሆን ይችላል፤ አልሙኒየም ማለቴ ነው። ፒስተኑ አልሙኒየም ነው፣ የሞተሩ ቀፎ አልሙኒየም ነው፣ ዲስኮቹ የሚቀመጡበት የፍሪሲዮን ቅርጫትም አልሙኒየም ነው። የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን ቅርጫቱን ሊፍቀው ይችላል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ዘይቱን በነጭ የቡና ማጥለያ ወረቀት አሳልፈው፣ የቀረውን ብናኝ በብሬክ ማጽጃ እጠበው፣ ይድረቅ። ከወረቀቱ ሥር ማግኔት አስኪድ። የተንቀሳቀሰው ብረት ነው። ያልተንቀሳቀሰውንና የሚያበራውን ትንሽ ኮስቲክ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ጣለው። ከፈላና አረፋ ካወጣ አልሙኒየም ነው። መነጽርና ጓንት አድርግ፣ ደጅ ላይ ይሁን፣ ሲጋራ አጠገቡ እንዳይደርስ። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው።

ወርቅማ ወይም ቀይ ቀለም ካየህ ነሐስ ወይም መዳብ ነው፣ ከቡሺንግ ወይም ከሮንዴላ። ጥቁር ለስላሳ ፕላስቲክ መሳይ ቁራጭ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ካቴና መምሪያ ነው፤ ካቴናው እየላላ መሆኑን ይነግርሃል። ቡናማ ወይም ጥቁር ጭረት፣ ስትጨምቀው የሚፈርስ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ ሽፋን ነው። አሁን ባለው ሁኔታህ እሱን ማግኘትህ አይቀርም። አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ። እንደ እንጨት መላጫ የተጠቀለለ የሚያበራ ክር ካገኘህ መጀመሪያ የማፍሰሻውን ቀዳዳ ጥርስ እይ። ቀፎው አልሙኒየም ስለሆነ ብሎኑን ብዙ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይፍቀዋል፣ ፍቅፋቂውም ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ የቁልፉ ነው። ብሎኑ ሥር ያለውን ቀለበት በየቅያሬው አዲስ አድርግ። ጥብቀቱን በክንድህ ጉልበት አትገምት፣ በቶርክ ቁልፍ እሰረው።

ፊልትሮውን ሳትከፍት አትጣለው። የወረቀቱን ክፍል በመቀስ ወይም በምላጭ ቁረጥ፣ ሞርሳ ውስጥ ጨምቀህ ዘይቱን አውጣ፣ ከዚያ እንደ አኮርዲዮን ዘርጋው። ማግኔቱ ብረት ብቻ ነው የያዘልህ፣ ፊልትሮው ግን ሁሉንም ይዟል። እኔ ማሽን እንዲህ ነው ብዬ ለመናገር ከማግኔቱ ይልቅ የተቆረጠ ፊልትሮ ማየት እመርጣለሁ።

ሆንዳው ላይ ፊልትሮ ስትገጥም አንድ ነገር ጠንቅቅ። ስፕሪንጉ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፊልትሮው ከእሱ በኋላ። ፊልትሮው ላይ «ወደ ውጭ» የሚል ምልክት አለ፤ ክዳኑን ማየት አለበት። ከተገለበጠ ዘይቱ መንገዱን ያጣል፣ የላይኛው ክፍል ይደርቃል፣ ከዚያ የምታየው ብናኝ በአንድ ቀን የተሠራ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ዘይቱ ይወቀሳል እንጂ ስፕሪንጉ አይጠረጠርም። ከአንተ በፊት የሠራው ሰው እንዴት እንደገጠመው አታውቅምና ሁሉንም ከፍተህ እይ።

አሁን አሸዋው። አሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በሞህስ የጥንካሬ ሚዛን 7 ነው፤ አልሙኒየም 3 እንኳን አይሞላም። አንድ ደቃቅ ቅንጣት በአየር ማጽጃው በኩል ካለፈ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፣ ፒስተንና ሪንጉ መካከል ይያዛል፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ራሱ የሚዞር የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። የተሻለ ዘይት ብትጨምር አሸዋውን በተሻለ ዘይት አዞርከው እንጂ ሌላ አላደረግክም። ዓይን የሚያየው አሸዋ ብዙም አያሰጋኝም፣ እሱን ማጽጃው ይይዘዋል። የሚገድለው ከፊት ያለው ኳድ ያስነሳው ዱቄት ነው። የኪራይ ኳዶች ደግሞ በሰልፍ ስለሚሄዱ ከኋላ ያለው ቀኑን ሙሉ የፊተኛውን አቧራ ነው የሚተነፍሰው። ከኋላ የሚሄዱት የትኞቹ እንደሆኑ ታውቃለህ። ብናኙ እነሱ ላይ በዝቶ ከሆነ መልሱን አገኘኸው።

ፈተናው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አየር ማጽጃውን አውጣ። ከማጽጃው በኋላ ባለው ቧንቧ ውስጥ፣ ማለት ወደ ሞተሩ በሚያመራው በኩል፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጣትህ አስገብተህ ጥረግ። ጨርቁ ንጹሕ መሆን አለበት። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ወይም ጥርስህ ላይ ስታደርገው ቅጭ ቅጭ ካለ፣ አሸዋ እያለፈ ነው። ከዚያ የሚያልፍበትን ፈልግ። ስፖንጁ ተቀዷል? ከንፈሩ፣ ማለት ሳጥኑ ላይ የሚያርፈው ጠርዝ፣ በደንብ ተቀምጧል? የጎማው ቧንቧ ክላምፕ ላልቷል? ሳጥኑ ተሰንጥቋል? ከንፈሩን ስስ ግሪስ ቀባው፣ ቀሪውን ዱቄት እሱ ይይዛል።

ስፖንጅ ማጽጃ ያለ ዘይት ዋጋ የለውም። ደረቁን ስፖንጅ ዱቄት እንደ በር ያልፈዋል። ለስፖንጅ ተብሎ የተሠራውን የሚያጣብቅ ዘይት ተጠቀም፣ የሞተር ዘይት ወደ ታች ይወርድና ላዩን ባዶ ያስቀረዋል። ስታጥብ በላምባ ወይም ለእሱ በተሠራ ማጠቢያ እጠብ፣ ቀጥሎ በሳሙና ውሃ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በቤንዚን አትጠብ። መገጣጠሚያውን ይፈታዋል፣ እሳቱም አለ። አትጠምዝዘው፣ ጭመቀው። ለእያንዳንዱ ኳድ ሁለት ስፖንጅ ይኑርህ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። አለቃህን ገንዘብ ማስወጣት ካለብህ ከውድ ዘይት በፊት ይኼን አስወጣው። ኪራይ በሚበዛበት ወቅት በየቀኑ መቀየር አለብህ። በየሳምንቱ የሚባለው ለእናንተ ቦታ አይሆንም።

ዘይት ውስጥ አሸዋ መኖሩን ለማየት ደግሞ ከፈሰሰው ትንሽ ወስደህ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ከላምባ ጋር ቀላቅለው። ያለ ንክኪ ይደር። ብናኙ ወደ ታች ይሰፍራል። የሰፈረውን ማግኔት ካልሳበውና በጣቶችህ መሀል ከጠጠረ አሸዋ ነው።

ላቦራቶሪ መላክ ከቻልክ ለአንድ ሁለት ኳዶች አስመርምር። ሲሊከን፣ ማለት የአሸዋው ንጥረ ነገር፣ እና አልሙኒየም አብረው ከጨመሩ አሸዋ ገብቶ ፒስተኑን እየበላ ነው። ሲሊከን ብቻውን ከፍ ብሎ ሞተሩ ገና የተገጠመ ከሆነ ግን ከጓርኒሲዮን ማጣበቂያው ሊሆን ይችላል፣ አትደናገጥ። የምርመራውን ወረቀት አይተህ ግን አትዘናጋ። መደበኛው ምርመራ የሚያየው ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጠውን ደቃቅ ብቻ ነው። በዓይንህ የምታየውን ቅርፊት ላይቆጥረው ይችላል። ለዚህ ነው ፊልትሮውን ቁረጥ የምልህ።

ወደ ቁጥሩ እንሂድ፣ 20ደብሊው-50 ላልከው። የኋለኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ላይ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ነው። ውፍረቱ በሴንቲስቶክ ይለካል፤ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ነው፣ 40 እስከ 16.3፣ 50 ደግሞ እስከ 21.9 ይደርሳል። የጥላው ሙቀት 45 በሚያልፍበት በረሃ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሆንዳ ላይ፣ በዝግታ እየተነዳ፣ 30 ቀጭን ይሆንብኛል። ሌላም ምክንያት አለ። የካምቢዮው ማርሾች በዘይቱ ውስጥ ያለውን የማወፈሪያ ቅመም ይቆራርጡታል። 40 ሆኖ የገባው ሥራ ሲበዛበት ወደ 30 ይወርዳል። 30 ሆኖ የገባውስ የት ይደርሳል?

እኔ ብሆን ለሁለቱም 10ደብሊው-40 ኤምኤ2 አደርጋለሁ፣ ክረምቱንም በጋውንም። 20ደብሊው-50 ስህተት አይደለም። የማንዋሉ የሙቀት ሰንጠረዥ ከፈቀደ ከሰኔ እስከ መስከረም ልታደርገው ትችላለህ፤ የእናንተ የቀዝቃዛው ወቅት ማለዳም ለእሱ የሚከብድ ብርድ የለውም። ግን ጩኸት ለመደበቅ ብለህ እንዳታደርገው። ወፍራም ዘይት የላላ ካቴናና የተበላ ፒስተን ድምፁን ይቀንሳል፣ ችግሩን ግን አይነካም። ከጋራዥ ጋራዥ የሚሸጡት «ሞተር ያድሳል» የሚሉ ቅመሞችንም አትጨምር። ሰበቃ የሚቀንሱ ከሆኑ ፍሪሲዮኑን መልሰው ያንሸራትቱብሃል።

ሲንተቲክ ወይስ መደበኛ? ሙቀት ሲበዛ ሲንተቲክ ይሻላል፣ ግን ልዩነቱን አታጋንነው። አሸዋ ውስጥ ለሚሠራ ማሽን መደበኛ ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ውድ ዘይት አቆይቶ ከመቀየር ይሻላል። የእነዚህ ሞተሮች ዘይት ሁለት ሊትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ያቺን ትንሽ ዘይት ነው ሙቀቱ፣ ማርሹ፣ ፍሪሲዮኑና አቧራው የሚጋሩት። ኪሎሜትር አትቁጠር፣ ሰዓት ቁጠር። በርካሽ የሚሸጥ የሰዓት ቆጣሪ በካንዴላው ገመድ ላይ ይጠመጠማል። እኔ በእናንተ ሁኔታ በየ25 ወይም 30 ሰዓቱ እቀይራለሁ። የአየር ማጽጃው ጉዳይ ተስተካክሎ ፊልትሮው ንጹሕ መምጣት ሲጀምር ትንሽ ልታረዝመው ትችላለህ።

ሙቀቱንም አትርሳ። የሆንዳው ሞተር ክንፎች መሀል አሸዋና ዘይት ተጋግሮ ከሆነ አየር አይደርሳቸውም። የራፕተሩ ራዲያተርም እንዲሁ ይደፈናል። ሲታጠብ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ ይሁን። የግፊት ማጠቢያ ክንፎቹን ያጣምማል፣ አየር ሳጥኑም ውስጥ ውሃ ይከታል።

የአሁኑ ሥራህ እንግዲህ ይኼ ነው። በጣም ብናኝ ያሳየውንና ምንም ያላሳየውን ሁለት ኳድ ለይ። የሁለቱንም ቧንቧ በነጭ ጨርቅ ጥረግ፣ የሁለቱንም ፊልትሮ ቁረጥ። ከዚያ የጨርቁንና የፊልትሮውን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተህ ላክልኝ። የትኛው በሰልፍ ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሚሄድ፣ አየር ማጽጃው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታጠበና ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ እንዳለው አብረህ ጻፍልኝ። ሰማያዊ ጭስ ካለ ፒስተንና ሪንጉን በኮምፕሬሽን መለኪያ እናየዋለን፤ ያኔ ነው ሞተሩ ይከፈት ወይስ ይቆይ ብለን የምንወስነው።